ሽማግሌ የተላከለት ፒክአፕ

«ሊወርድ ነው አሉ» አለ አብዱራህማን።

ፈርሂያ ወንድሟ ሱቅ ደጃፍ የድንች ጆንያ አፍ እየሰፋች ነበር። ወስፌውን ከወዲያ ወግታ ከወዲህ ሳበችና ቀና ሳትል፣ «ማን አለ?» አለችው።

«ሰው ነዋ! ከደሴ የመጣ ሾፌር። መንግሥት ቀረጡን ሊያነሣው ነው አለ። የአዲስ መኪና ዋጋ ዱብ ይላል፣ ዱብ!»

«ባለፈው ሳምንት የነገረህም ከደሴ የመጣ ሾፌር ነበር።»

«ያ ሌላ ነው።»

«በረመዳን የነገረህስ?»

«እሱም ሌላ ነው» አለ ወንድሟ፣ ቅንጣት ሳያፍር። የእህል ሚዛኑ ላይ ቂጢጥ ብሎ መፋቂያውን ያኝካል። ከማለዳ ጀምሮ ጆንያ ስትጎትት የነበረችው እሷ ናት፤ የደከመው የሚመስለው ግን እሱ ነው።

ይህ ወሬ ቤታቸው የገባው መኪና የሚለው ቃል የተነሣ ዕለት ነው። አብዱራህማን ከሱቅ ሲገባም «ሊወርድ ነው»፣ ከመስጊድ ሲመለስም «ሊወርድ ነው»። በረመዳን «ትንሽ ጠብቂ» ብሎ እስከ ግንቦት አስጠብቋታል። እሱ ሊወርድ ነው ባለ ቁጥር ዋጋው አንድ እርከን ይወጣል። ፈርሂያ አንዳንዴ፣ መኪና አስመጪዎቹ ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ጆሮ የተከሉ ይመስላታል።

«አብዱ» አለች ሲባጎውን በጥርሷ በጥሳ። «ከዛሬ ወዲያ ‹አሉ› የሚባል ነገር እፊቴ እንዳታመጣ። ያለውን ሰውዬ ራሱን ይዘህልኝ ና። ጆንያ ውስጥ ከትቼ እሰፋዋለሁ።»

«አቦ! ምላስሽ ደግሞ! ሪያድ ያስተማሩሽ ይሄን ነው?»

«ሪያድማ ያስተማሩኝ ዝም ማለትን ነው። እሱን እዚያው ትቼላቸው መጣሁ።»

እውነቷን ነው። ስምንት ዓመት በሰው ወጥ ቤት ዝም ብላ ኖራለች። ስትመለስ ሁለተኛ የሰው ሳህን ላታጥብ ምላለች። መካነ ሰላም ከገባች ወዲህ ሥራዋ ድንችና ገብስ ነው። ከአቀስታ ወዲህ ካለው ብርዳማ ደጋ ከየገበሬው ደጅ ትሰበስባለች፣ አምጥታ መካነ ሰላም ትሸጣለች። ንግዱን ታውቅበታለች። የሚበላት መንገዱ ነው። የጭነት መኪና ያላቸው ሰዎች ገበያው ሲደርስ ኪራዩን እንደ ልባቸው ይቆልላሉ፤ ዝናብ ከጣለማ ስልካቸውን አጥፍተው ይተኛሉ። አምና አንዱ ባለ አይሱዙ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ «ጭማሪ» አላት። እምቢ ስትለው ድንቿን ጭቃ ላይ አራግፎባት ሄደ። ውርጭ አደረበትና ድንቹ እንደ ከሰል ጠቆረ። ያን ጊዜ ፈርሂያ አላለቀሰችም። ደሴ ሄዳ መንጃ ፈቃድ አወጣች።

የፈለገችው ጭቃውንም ዳገቱንም የሚችል፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ከባድ ጭነት የሚሸከም አዲስ ፒክአፕ ነበር። አሮጌ አትፈልግም። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የከዳቸው አሮጌ መኪኖች ገደል ገብተው ዝገው አይታለች። የሪያዱን ላብ ከአባቷ የባሕር ዛፍ ሽያጭ ጋር ደምራ፣ አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ድርጅት ዘንድ ሄዳ ግማሹን ከፍላ ውል ፈረመች። ቀሪው ግማሽ ባንክ ተቀምጦ መኪናው እስኪገባ ይጠብቃል። ሙሉ ዋጋው ያኔ ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ነበር። ያን ዕለት ከቢሮው ስትወጣ «የሰይጣን ዋጋ ነው» ብላ ነበር። ሰይጣን ገና መንገድ ላይ መሆኑን አላወቀችም።

ከዚያ ብሩ በገበያ ይመራ ተባለ። ዶላር እንደ ተፈታ ወይፈን ፈረጠጠ። ድርጅቱም ደወለ፤ መኪናሽ ገብቷል፣ ዋጋው ግን አምስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሆኗል። ውሉስ? ውሉ ይህንንም ይፈቅዳል።

ፈርሂያ በዚያው ሳምንት ወይ የጎደለውን ከዘመድም ከማኅበርም ተበድራ ልትሞላ፣ ወይ ገንዘቧን ተቀብላ ልትመለስ ተነሥታ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ሌላ ነገር ወሰነ። ሰውየው ቃሉን አጥፏል፤ ስለዚህ ሽማግሌ ይላክበት።

ሽማግሌ! ለመኪና ሻጭ!

«ነጋዴ እኮ ነው» ብላ ጮኻ ነበር። «ከብት አልነዳብንም፣ ድንበር አልገፋብንም!»

ማን ሰምቷት። የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው፣ ሰብሳቢ ጋሽ ንጉሡ ተጠሩ። ክርስቲያን ናቸው፣ ቤታቸው ከነፈርሂያ ቤት በአጥር ነው የሚለየው፤ አባቷ ከሞቱ ጀምሮ ለደስታውም ለኀዘኑም እንደ አባት የሚቆሙላት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች አስከትለው፣ አንድ ገንቦ ማር አስይዘው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው አዲስ አበባ ሄዱ። ፈርሂያ አብሬ ልሂድ አለች። አይሆንም ተባለች። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም፣ ነውር ነው። እንደምትታጭ ኮረዳ እናቷ ጓዳ ተቀምጣ ጠበቀች።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለን፣ ነገሩ መልክ ይዟል አሉ። ምን መልክ? «አብሽሪ ልጄ» አሏት፣ በቃ። ያ በነሐሴ ነበር። አሁን ጥቅምት ሊያልቅ ነው።

ስልኳ ጠራ። ሚሊዮን ነበር፣ የአስመጪው ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ።

«እህት ፈርሂያ፣ እንደምን አደርሽ? አንድ መረጃ ላደርስሽ ነበር።»

«መርዶ በለው፣ አትፍራ።»

«ከነገ ጀምሮ አዲስ ዋጋ ይወጣል። ስድስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ።»

አብዱራህማን እንዳይሰማ ጀርባዋን ሰጠችው። «ሚሊዮን» አለች ዝግ ብላ፣ «ስምህን ያወጡልህ ወላጆችህ ነቢይ ናቸው።»

«ሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ይለኛል» አለ ልጁ፣ ሳይስቅ። «እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ቀሪውን በሙሉ ካስገባሽ በአምስት ሚሊዮን ሁለት መቶው ትወስጃለሽ። ካልቻልሽ የከፈልሽውን እንድንመልስልሽ ደብዳቤ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ፣ በቴሌግራም ላኪልኝ። ሁለቱንም ካላደረግሽ ውሉ ራሱ ወደ አዲሱ ዋጋ ይገባል።»

«የኔ መኪና ገብቷል አልነበር ያላችሁኝ?»

«ያኔ የገባው ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል። ቆይተሻላ።»

«እኔ ቆየሁ?! ሽማግሌዎቼስ? ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነገሩ መልክ ይዟል ተብዬ እኮ ነው የተቀመጥኩት!»

«እሳቸው ዘንድ ሲገቡ አይቻለሁ፣ ምን እንደተነጋገሩ ግን አላውቅም። ሥራ አስኪያጁም ለቀዋል፣ አሁን ያሉት ሌላ ናቸው» አለና፣ ሊያጽናናት የፈለገ ይመስል፣ «ማሩ ግን ግሩም ነበር። ለእኛም ደርሶናል» ብሎ ጨመረ።

ፈርሂያ ስልኩን ዘጋች። ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካችው።

«ምን አለሽ?» አለ አብዱራህማን።

«ስድስት ሚሊዮን አለኝ።»

ወንድሟ ከሚዛኑ ላይ ወረደ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ትንሽ አሰበና፣ «እኔ የምልሽ» አለ፣ «ሪያድ ብትመለሺስ? ለአንድ ሁለት ዓመት ብቻ። ወረቀቱን የሚጨርስ ሰው አለ። ጎደሎውን ሞልተሽ ትመጫለሽ። ያን ጊዜ ደግሞ ዋጋው ወርዶ…»

«አንተ ሂድ!» ጎረቤት ሱቅ ያሉ ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። «ወላሂ አንተ ሂድ! ወገብህ እስኪሰበር የሰው ምንጣፍ አራግፍ! ስምንት ዓመት የላክሁትን ስትበላ፣ ስታገባ፣ ሱቅ ስትከፍት፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እህቴ እጅሽ እንዴት ነው› አላልከኝም። አሁን ደግሞ ተመለሺ?»

«እኔ ለአንቺ ብዬ…»

«ለእኔ ብለህ ጆንያዎቹን አስገባልኝ። እሱን እንኳ ከቻልክ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ ወጣች።

ጋሽ ንጉሡን ያገኘቻቸው ደጃቸው ላይ ሞፈር እየጠረቡ ነው። ስታያቸው፣ በእሳቸው ላይ ለመናደድ ከራሷ ጋር መታገል ነበረባት። አባቷ ሲቀበሩ እስከ መቃብሩ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ ይዘው ሄደዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ንጉሡ?»

«እግዚሃር ይመስገን። አንቺስ? እናትሽስ? ሀጀራ ጉልበቷን ተሻላት? ግቢ፣ እህል ቅመሽ።»

«እህል አልፈልግም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ሰውየው ምንድነው ያለዎ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የመኪናው።»

ሽማግሌው መጥረቢያውን አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋቢ ሲስተካከል ቀጥሎ ምክር እንደሚመጣ ፈርሂያ ታውቃለች።

«ልጄ፣ የሽማግሌ ነገር በየደጁ አይዘረዘርም። ነገሩ መልክ ይዟል ብዬሽ የለ?»

«መልኩ ቁጥር አለው? ስንት ነው?»

«ቁጥር፣ ቁጥር! የዛሬ ልጆች ቁጥር ብቻ ናችሁ። ሰውየው አክብሮናል። እኛም አክብረነው ተለየን። የገብሱ አጨዳ ይግባልን እንጂ ከሚካኤል በኋላ ደግመን እንሄዳለን።»

«ዛሬ አሥር ሰዓት ነው የሚያልቀው፣ ጋሽ ንጉሡ! ዛሬ!»

«አሥር ሰዓት የሚባል ሽምግልና የለም» አሉ፣ ቁጣዋ ጭራሽ ያልደረሰባቸው መስለው።

«ሰውየው የሙሽራ አባት አይደለም እኮ! ደጁ የሚመላለሱበት ምን ልጅ አለው? እናንተ እዚህ አጨዳ ስትጠብቁ እሱ እዚያ ዋጋ ይጨምራል። መንገድ ላይ ድንቼን የደፋብኝ ሰውዬ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የዘረፈኝ!»

«ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ! አባትሽ ቢኖር…»

«አባቴ ቢኖር አብሯችሁ ይሄድ ነበር» አለች። ድምፅዋ ተሰበረባትና በዚያው ይበልጥ ተናደደች። «ጋቢውን ደርቦ፣ ከእናንተ ቀድሞ። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።»

ጋሽ ንጉሡ መጥረቢያውን አነሡ። ሞፈሩን አገላብጠው መጥረብ ቀጠሉ። እሷም ደኅና ዋሉ ሳትል ሄደች። በሕይወቷ ለእሳቸው ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ደጃቸው ያለውን የግራር ጥላ እስክታልፍ ዞራ ልትመለስ ልቧ ሁለት ጊዜ ሸፍቷል።

ወደ ከተማው ስትመለስ መንገዱን በእልህ ነው የረገጠችው። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ በግማሽ ቀን የሚያበድር ዘመድ የላትም። ማንም የለውም። ነሐሴ ላይ ቢሆን ከአምስት ከስድስት ሰው ለምና፣ የድንቹን ትርፍ አስይዛ ትሞላው ነበር። ነሐሴን ግን ሽማግሌዎች ወሰዱባት። መስከረምንም ወሰዱ። ማንንም ሳትገድል፣ ከማንም ሳትሰርቅ፣ እንደ ጥፋተኛ «ታገሺ» ስትባል ከረመች። ታገሺ የሚሏት ሁሉ ደግሞ እጃቸው ባዶ ነው፤ ትዕግሥት ከነሱ ኪስ አይወጣም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገብታ ደብዳቤውን ራሷ ጻፈች። ልጅቷ «ላስተካክልልሽ?» ብትላት «እጄ አለኝ» አለቻት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ከትምህርት የወጣችው፤ የቀረውን ሪያድ ኩሽና ውስጥ፣ ሌሎች ሲተኙ፣ ከስልክና ከተገኘው ወረቀት ተምራዋለች። «በገባሁት ውል መሠረት» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። «በገባችሁት ውል መሠረት» ብላ ጻፈች። ፈረመች፣ ፎቶ አነሣችው፣ ላከችው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ደርሶናል። እናመሰግናለን።»

«ለምኑ ነው የምታመሰግኑት?» አለች ስልኩን። ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ልጅ ሳቀች። ፈርሂያ አልሳቀችም።

ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው ቤት አጠገብ፣ የካሳ አሮጌ ፒክአፕ ቆሟል። ካሳ ወገቡን ታሞ መንዳት የተወ ሾፌር ነው። መኪናውን ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ በስድስት መቶ ሺህ ማንሣቱን ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ይሸጣል» የሚለው ካርቶን መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። የግራ በሩ በሽቦ ታስሯል። ፈርሂያ በዚህ መኪና አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር።

ዛሬ አላዞረችም። ኮፈኑን አስከፈተች። ነጠላዋን አስቀምጣ ከሥሩ ገባች፣ የፍሬኑን ቱቦ በጣቷ ተከትላ ዳሰሰች። ወጥታ አስነሣችው። ከጎሚስታው ቤት በላይ ያለውን ዳገት ወጣች፣ ቁልቁል ስትመለስ መሐል ላይ ረገጠችው። መኪናው አጓርቶ፣ ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። ካሳ ወገቡን ይዞ ከታች ሲያያት ነበር።

«ፍሬኑ ሸራ ይፈልጋል» አለች ወርዳ።

«ማን ሸራ የማይፈልግ አለ? እኔም እፈልጋለሁ» አለ ካሳ።

«ስንት ነው?»

ካሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰማዩን አየ። ጎሚስታውን አየ። «ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ።»

ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ ቀና አለ። «ካሳ፣ አላህን ፍራ!»

«ምን አደረግሁ? አዲሱ ስድስት ሚሊዮን ገባ አይደለም እንዴ? አዲሱ ሲወደድ አሮጌውም ይከተላል። እኔ አይደለሁ ያስወደድኩት!»

«አንተማ አይደለህም» አለች ፈርሂያ። «ማንም አይደለም። አስመጪው ዶላሩ ነው ይላል፣ ሽማግሌው አጨዳው ነው ይላል፣ አንተ አዲሱ ነው ትላለህ። ሁሉም ንጹሕ ነው። ዝገት እንኳ ዶላር ሆኗል፣ የሚወቀስ ሰው ግን ጠፋ።» ነጠላዋን አንሥታ አራገፈች። «እሺ።»

«ምን እሺ?»

«ገዛሁ።»

ካሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ቆይ እንጂ! እንዲህ ነው እንዴ የሚገዛ? ቀንስ በይኝ እንጂ! እኔም እምቢ እላለሁ፣ ተቆጥተሽ ትሄጃለሽ፣ እጠራሻለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን…»

«አልሄድም። አትጠራኝም። ሻይም አልጠጣም።»

«ወይ ጉድ! ሦስት ማለት ነበረብኝ ኖሯል?»

«አላልክማ። ይሄ ሰው ሰምቷል» አለች ወደ ጎሚስታው ጠቁማ። ስልኳን አወጣች። «የሂሳብ ቁጥርህን ጥራ። ቀብዱን አሁን፣ ባንክ ያለኝን ነገ፣ ቀሪውን ድርጅቱ ብሬን ሲመልስልኝ።»

ካሳ ቁጥሩን የጠራው እንደተዘረፈ ሰው ነው። ውሉን ጎሚስታው ጠረጴዛ ላይ ተጻጻፉ፣ ጎሚስታውና ጎረቤቱ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ቁልፉ በሽቦ ቀለበት የታሰረ፣ በቅባት የጠቆረ ነበር። ፈርሂያ ወሰደችው። ደስ አላላትም። ነገ ግን ድንቹን የሚያራግፍባት ሰው የለም።

መካነ ሰላም ወሬ ለመዞር ሰፊ ከተማ አይደለም። ገና ጋቢና ሳትገባ ጋሽ ንጉሡ ከነከዘራቸው ደረሱ፤ አብዱራህማን ከኋላቸው እያለከለከ ይከተላል። የጠዋቱን ቁጣዋን ረስተውት ሳይሆን፣ ከዚያ የባሰ ነገር ስለሰሙ ነው የመጡት።

«እውነት ነው?» አሉ ሽማግሌው። «የጠራውን ዋጋ፣ በአንድ ቃል?»

«እውነት ነው።»

«ሽማግሌ ሳይኖር? ሰው ሳይለመን? እንደ ሌባ ዕቃ?» ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አሳፈርሽን! በመጀመሪያ ቃል እሺ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ካሳ ራሱ ይንቅሻል፤ እዪው፣ አንገቱን ደፍቷል!»

«እኔ አንገቴን የደፋሁት ሦስት ባለማለቴ ነው» አለ ካሳ።

«ዝም በል አንተ! ስሚ ልጄ፣ ከኛ መማር ምናለበት? ያ የአዲስ አበባው ሥራ አስኪያጅ ገና እንደተቀመጥን ምን እንዳለን ታውቂያለሽ? ‹ለሽበታችሁ ስል በድሮው ዋጋ ይሁን፤ ቀሪውን ግማሽ ዛሬ ታስገባና ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ› አለን። ዘለን እሺ አልን? አላልንም! ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ ይቀላል። ‹መክረን እንመለሳለን› ብለን፣ ጋቢያችንን ደርበን፣ በክብር ተነሥተን ወጣን። ነገር እንዲያ ነው የሚያዝ!»

አብዱራህማን ወደ እህቱ ዞረ። ጎሚስታው መዶሻውን አስቀመጠ። የፈርሂያ እጅ የታሰረው በር ሽቦ ላይ ቀረ።

«በሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶው?» አለች ቀስ ብላ። «መኪናው… እዚያ ነበር?»

«ነበር እንጂ!» አሉ ጋሽ ንጉሡ፣ ገና በኩራት። «ግቢው ውስጥ ቆሞ። ነጭ ነው። ቁልፉን እንኳ ጠረጴዛው ላይ እፊቴ አስቀምጦልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ በጄ መልሼ የገፋሁለት።»